ውሃ ልክ

ሽምብጥ፣ ከሐይቁ ጥግ፣ ቆርቆሮው የዛገ በር፤
ሰኔ ሊወጣ ሰሞን ነው፣ ካሜራ ልገዛ ስሻገር።
ውዴ እንየው ከፈተችልኝ፣ ክንዷ የዓሣ ቅርፊት ያዘለ፤
"ይሠራ እንደሁ አላውቅም" አለች፣ "ያባቴ ነው፤ አለ።"

ዜኒት ነው። ከቆዳ ቤቱ ሳወጣው ከበደኝ፣
ደህና ቀረሶ የሚያህል መሰለኝ።
ሌንሱን ፈትቼ ውስጡን አየሁ፣ እንደ ገበያ በሬ ጥርሱን፤
መስታወቱን፣ ጥጉን የጣና እርጥበት የዘራው ሻጋታ መውረሱን።
ጀርባውን ልከፍት ስል፣ ቆጣሪው ሠላሳ አንድ ላይ ቆሟል።
ፊልም አለው!
ማን ያውቃል ስንት ክረምት ጨለማ ውስጥ ከርሟል።

"ስንት?"
"አራት ሺህ።"
"የብርሃን መለኪያው እኮ ሞቷል።"
"አባቴም ሞቷል፤ ሣጥኑን ግን ማን ቀንሶልኛል?"

ሦስት ሺህ ተኩል ላይ ተስማማን። ማንገቻውን በጨርቅ ወልውላ
ልትሰጠኝ ስትል መለሰች እጇን፣ የረሳችው ነገር እንዳለ ሁላ።
"ስሙን ሲጠሩት 'እንየው!' ሲሉት ትእዛዝ ይመስለው ነበር፤
ካሜራውን ያነሳል።
ግን አንድ ነገር ልንገርህ፤ ፎቶው በሙሉ ይዘማል።
ሙሽራውም፣ ዘንባባውም፣ ሐይቁም ወደ ግራ ያዘነብላል።
እናቴ 'ጣና ሊደፋብን ነው፣ ባልዲ አምጡ!' ትለው ነበር።
እጁ ነው እንል ነበር እኛ፤ ጠጅ ነው የሚልም ነበር።
እሱ ግን፣ ዝም።"

የኔ ሥራ የውሃ ከፍታ ንባብ ነው፤ ማለዳ ወደብ ወርጄ፣
የተተከለውን ሜትር አያለሁ፣ እርሳስና ደብተር ይዤ።
ጣና በሴንቲ ሜትር ሲወጣ ሲወርድ አይቻለሁ፤
ሲዘም ግን አላየሁም። ውሃ ልክ ነው። እምላለሁ።

አምስት ቀርተውኛል።
ገና የመጀመሪያውን ስጠመዝዝ ማንሻው ጠጠረ፤ ገፋሁት፤
"ቅርጥ" አለ አንድ ነገር። እርጅና ነው ብዬ ተውኩት።
መለኪያ ስለሌለኝ ጥላዬን አየሁ፤ ጠርዙ ሲሰላ ቀዳዳውን አጠበብኩ፣
ደመናው ሲመጣ አሰፋሁ፤ የቀረውን ለዕድሌ ተውኩ።
ከእምቦጩ መሃል ታንኳውን የሚቀዝፍ አንድ ጎልማሳ፣
ሚዛን ላይ አፉን የከፈተ አምባዛ፣
የቆመ ባጃጅ፣ ፊቱ ወደ ውሃ፤
አራተኛውን ረስቼዋለሁ፤ አምስተኛው ባዶ ውሃ።

ያጠብኩት በሌሊት ነው፤ የሽንት ቤቱን በር ሥር በብርድ ልብስ ወትፌ፣
ሰባት ደቂቃ በልቤ ቆጠርኩ፣ ስልኬን አጥፍቼ፣ ትንፋሼን አቅፌ።
መድኃኒቱን ካዲስ አበባ ያመጣልኝ የአውቶቡስ ረዳት
"የአይጥ ነው?" ብሎኝ ነበር። "አዎ" ብዬ ሸኘሁት።

አምፖል ፊት ዘረጋሁት። ሠላሳው እንደ ቀጠነ ሻይ ደብዝዟል፤
ጫፉ ላይ የፊልሙ ጥርስ ተቀዷል፤ ከዚያ ወዲያ አልሄደም፤ ቆሟል።
አምስቱም የኔ ከሱ መጨረሻ ጋር አንድ ክፈፍ ላይ ተደራርበው፣
እንደ በዓል ዋዜማ ሚኒባስ፣ አንዱ ባንዱ ጭን ተቀምጠው።
ከሥር ጥላው አለ፤ ክርኖቹ እንደ ጆሮ ግራ ቀኝ የወጡ፣ ካሜራ ያነሳ ሰው፤
በደረቱ መሃል የኔ ቀዛፊ ያልፋል፤ አልነካው፣ አልቀሰቀሰው።

አሳትሜ ለውዴ ወሰድኩላት። ደጃፉ ላይ፣ ወደ ብርሃን አዙራ፣
ዝም ብላ አየችው። ከዚያ አመልካች ጣቷ አድማሱን ተከተለ፣ ከቀኝ ወደ ግራ።
"ይኸው፣ ዘሟል" አለች። "ይሄስ የማን ነው?"
"የኔ።"
"ይሄስ?"
"እሱም የኔ።"
የሱ ሐይቅና የኔ ሐይቅ አንድ መስመር ላይ ተኝተዋል፤
ሁለቱም ወደ ግራ፣ በአንድ ልክ ዘመዋል።

"ትጠጣለህ እንዴ?"
"አልጠጣም። እጄም ደህና ነው።
ዓይን የምናሳርፍበት መስታወት ነው፤ ሲገጠም ጀምሮ የዘመመው።
እሱ ቀጥ አድርጎ ይይዝ ነበር።"

ፎቶውን ደረቷ ላይ አስደገፈች።
"አርባ ዓመት ሳቅንበት" አለች።
ከዚያ ፊቷን ወደ ጓዳ መልሳ፣ ጮክ ብላ፦
"እማዬ! ባልዲውን መልሺው!"

ከውስጥ አንድ የሰለለ ድምፅ፣ ቆይቶ፣
"የምን ባልዲ?"